ጅቦቹ ነቅተውብን ነበር

ሐረር ውስጥ በጅብ ቆጠራ ላይ ስሠራ የገጠመኝን ልንገራችሁ።

ሥራው እንዲህ ነው። ሲመሽ ሐኪም ጋራ ግርጌ መኪና አቁመን በድምፅ ማጉያ የተቀዳ የጥጃ ጩኸትና የጅቦች ጠብ እናሰማለን፣ ከዚያ ሰምቶ የመጣውን እንቆጥራለን። አፍሪካ ውስጥ ጅብና አንበሳ በብዙ ቦታ የሚቆጠረው በዚህ መንገድ ነው።

የመጀመሪያው ሌሊት ጅቡ ጎረፈ። እዚያው ቦታ ስንመለስ ግን ግማሹም አልመጣም። ቀጥሎማ አንድ ሁለቱ ብቅ ብለው ከሩቅ አይተውን ሄዱ።

"ቁጥሩ በጣም ቀንሷል" ተባለ። ምክንያት ለማግኘት ማንም አልተቸገረም። ዛፉ ለማገዶ ተቆርጧል፣ ማሳው ጫት ሆኗል፣ ሐረማያን የሚያህል ሐይቅ እንኳ እ.ኤ.አ. በ2000ዎቹ አጋማሽ ደርቆ አይተናል። ይህ ሁሉ እውነት ነው። እኔን የሚያስፈራኝም ይኸው ነው፤ አካባቢው በእርግጥ እየተጎዳ ስለሆነ፣ "ቀነሰ" የሚል ቁጥር ሲመጣ ማንም አይጠረጥረውም።

መንገድ የሚመራን የከተማው ልጅ ነበር፣ ማታ ማታ ጅብ የሚቀልቡትን ሲያግዝ ያደገ። ሪፖርት ሊጻፍ መሆኑን ሲሰማ አላስችል አለውና ሪፖርቱን ለሚጽፈው ዶክተር እንዲህ አለው፦

"ዶክተር፣ አቦ ይሄን አይጻፉ! ጅቦቹ እኮ አሉ። ትናንት ማታ ፈላና በር ጋ ሥጋ ሲበሉ ነበር። እዚህ ጩኸት እንጂ ሥጋ እንደሌለ አውቀዋል። ነቅተውብናል።"

"እነዚያው መሆናቸውን በምን አወቅህ?"

"ጆሮዋ የተቀደደችዋን አላዩዋትም?"

ዶክተሩ አልተቆጣም፣ በዚህ አከብረዋለሁ። በማግስቱ ማታ ካሜራ ይዘን ፈላና በር ሄድን። የጅብ ነጠብጣብ ከአንዱ ወደ ሌላው ስለሚለያይ በፎቶ መለየት ይቻላል። ከመጀመሪያው ሌሊት ፎቶ ጋር ስናስተያየው ብዙዎቹ እነዚያው ነበሩ። ጆሮዋ የተቀደደችዋም አለች።

ከዚያ ወዲህ ስለ ጅብ ያገኘሁትን ሁሉ አነባለሁ። ተመራማሪዋ ኬይ ሆልካምፕ ከእ.ኤ.አ. 1988 ጀምሮ ኬንያ ማሳይ ማራ ውስጥ እነዚህን እንስሳት ስታጠና ኖራለች። መንጋው በሴቶች ይመራል፣ ግልገል የእናቱን ማዕረግ ይወርሳል። ስለዚህ እያንዳንዱ ማን የማን ልጅ እንደሆነ፣ ማን ከማን እንደሚበልጥ ማወቅ አለበት፣ ልክ ዝንጀሮ እንደሚያውቀው። የሚገርመው የጅብና የዝንጀሮ የዘር ሐረግ ከተለያየ ከ80 ሚሊዮን ዓመት በላይ ሆኖታል። ሁለቱም እዚህ የደረሱት በየራሳቸው መንገድ ነው። ብዙ ሆኖ መኖር ራሱ ጭንቅላትን ያሠለጥናል የሚለው ሐሳብ ከዚህ ይነሳል፣ እኔም ሐኪም ጋራ ሥር ካየሁት በኋላ በጣም አምኜበታለሁ። እንዲህ ያለ ፍጡር ሰው በሞላበት ከተማ፣ ቆሻሻውንና የሰዓቱን ልማድ አጥንቶ፣ ሌሊት በጀጎል ግንብ በሮች እየገባ እየወጣ መኖሩ አይገርመኝም። እኛን ማጥናትማ ለሱ ምኑ ነው?

"ቀንሷል" የሚለው ቃል ከሪፖርቱ ወጣ። አሁን አንድ ቦታ ላይ ደጋግመን ድምፅ አናሰማም፣ ድምፁንም እንቀያይራለን፣ የነጠብጣብ ፎቶም የግድ ሆኗል። ቅጹ ላይም ድሮ ያልነበረ አምድ ተጨመረ፦ "እዚህ ቦታ ድምፅ ለመጨረሻ ጊዜ የተሰማው መቼ ነው?"