ሩቅ አገር ወይስ ገፈርሳ?

መስቀል ካለፈ በኋላ የወፍ ተመልካቾች ክበባችንን የሚቀላቀል አዲስ አባል አንድ ጥያቄ አያጣም። «ቆይ ግን የመስቀል ወፍ የት ነው የምትሄደው?» ይላል። መልሱን የሚሰጡት ጡረታ የወጡ የጂኦግራፊ አስተማሪ ናቸው። ሁላችንም «መምህር» እንላቸዋለን። «የትም አትሄድም ልጄ፤ ልብሷን ቀይራ ነው» ይላሉ። ከዚያ ሚኒባሱ ውስጥ ክርክር ይነሳል።

እውነታቸውን ነው። ሰው የመስቀል ወፍ ብሎ የሚያሳየኝ ወፍ አንድ ዓይነት ሆኖ አያውቅም። አንዱ ጅራቷ የረዘመውን ያሳየኛል። ሌላው ቀይና ጥቁሯን፣ ሌላው ደግሞ ቢጫና ጥቁሯን። ጠባያቸው ግን አንድ ነው። ወንዶቹ በክረምት፣ ለመራቢያ ጊዜያቸው፣ ደማቅ ላባ ያወጣሉ። እኛም አደይ አበባው ሲፈነዳ አብረን እናያቸዋለን። ዝናቡ አልፎ እርባታው ሲያልቅ ያ ላባ ይረግፋል። በምትኩ እንደ ሴቶቹ ቡናማ ለብሰው ከሌላው ጥራጥሬ ለቃሚ ጋር ይቀላቀላሉ። ዓመቱን ሙሉ ፊት ለፊታችን ናቸው፣ እኛ ነን የማናውቃቸው። ዓመት ጠፍቶ ብቅ ያለውን ወዳጅ «አንተ የመስቀል ወፍ!» ብለን የምንወቅሰውስ? ማን ያውቃል፣ እሱም ጃኬት ቀይሮ እዚሁ ሰፈር ሲዞር ከርሞ ይሆናል።

በኔ ዓይን ያየሁት ሱሉልታ ነው። በጋ ላይ አጥር እንጨት ላይ አንዲት ተራ ቡናማ ወፍ አረፈች። ማንም ዞር ብሎ አላያትም። ክንፏን ዘርግታ ስትነሳ ግን ከጀርባዋ ግርጌ፣ ከጅራቷ በላይ፣ ደማቅ ቢጫ ብልጭ አለ። ወንድ ነበር። ቢጫና ጥቁር ከሚለብሱት አንዱ ያንን ቢጫ በበጋም አይጥለውም። መስከረም ላይ እዚያው አጥር ላይ ጥቁር ካባውን ደርቦ አይተነው ባይሆን ኖሮ እኔም ድንቢጥ ነው ብዬ አልፈው ነበር።

አንድ ቦታ ደጋግሞ የመሄድ ጥቅሙ ይሄ ነው። በዚህ ጉዳይ ክበቡ ውስጥ ሰሞኑን ተጨቃጭቀናል። ወደዚያ እመጣለሁ፤ መጀመሪያ ገፈርሳን ላውራ።

ገፈርሳ ሲባል ቀድሞ የሚመጣብኝ ብርዱ ነው። ንጋት 12 ሰዓት ላይ ዊንጌት እንገናኛለን። ሁሌም የምታረፍድ አንዲት ነርስ አለች። ስም አልጠራም፤ ራሷን ታውቃለች። የምታረፍደው ከሌሊት ተረኝነት ስለምትመጣ ነውና ማንም ደፍሮ አይናገራትም። በአምቦ መንገድ ቡራዩን አልፈን ግድቡ ዳር ስንወርድ ሣሩ በጤዛ ርሷል። ውኃው አዲስ አበባ የምትጠጣው ስለሆነ ጥበቃ አለ፤ ፈቃድ ይጠየቃል። ካሜራው ትልቅ ከሆነ ጥያቄውም ይረዝማል። እኔ በባይኖክላር ብቻ ስለምሄድ ቶሎ አልፋለሁ።

እዚያ የምንፈልገው ባለ ሰማያዊ ክንፉን ዝይ ነው። ከኢትዮጵያ ደጋ ውጪ በዓለም የትም የለም። መጀመሪያ ያየው ሰው ግን ቅር ይለዋል። «ይሄ ነው እንዴ?» ይላል። ግራጫ ቡናማ ነው፤ ላባው ጥቅጥቅ ያለ ነው፤ አንገቱን ወደ ኋላ ጀርባው ላይ አስደግፎ ቀስ እያለ ሣር ይግጣል። ጋቢ ደርበው ፀሐይ የሚሞቁ አባት ነው የሚመስለው። ሰማያዊው የት አለ? ታጥፎ ተቀምጧል። ዝይው ለመነሳት ክንፉን ሲዘረጋ ከትከሻው ላይ ፈካ ያለ ሰማያዊ ይታያል። ወዲያው ደግሞ ተመልሶ ይታጠፋል። ዓይኑን ከሻይ ብርጭቆው ያላነሳ ሰው አመለጠው ማለት ነው።

ከጥቅምት በኋላ ውኃው ላይ እንግዶች ይበዛሉ። ከአውሮፓና ከእስያ ብርድ የሸሹ ዳክዬዎች ናቸው። ምንቃራቸው ሰፊና ጠፍጣፋ የሆነው ራሳቸውን ውኃ ውስጥ ነክረው ሲያጣሩ ይውላሉ። ስለነሱ ብዙ አልልም፤ ሥዕላቸው መጽሐፍ ላይ ሞልቷል። እኔን ይበልጥ የገረመኝ የአንድ ከብት ጠባቂ ልጅ ነገር ነው። እኛ ቴሌስኮፕ ተክለን ማዶ ማዶውን ስናይ ልጁ መጥቶ አጠገባችን ቆመ። ኦሮምኛ የሚችል አባላችን አነጋገረው። ልጁ በዱላው ከኋላችን ያለውን ረግረግ አሳየን። ከቆምንበት ትንሽ ራቅ ብሎ ደረቱ የሸክላ ቀለም የሆነ ረግረግ ወዳድ ወፍ ጅራቱን ሽቅብ እየመታ ይሄዳል። ጅራቱን ባነሳ ቁጥር ከሥሩ ነጩ ይታያል። ይሄም የኢትዮጵያና የኤርትራ ደጋ ወፍ ነው። ሌላ ቦታ የለም። ስንመጣ አጠገቡ ነበር ያለፍነው። ልጁ ሳቀብን፤ መብቱ ነው።

እንዲህ ያለው ክበብ አዲስ ነገር አይደለም። የኢትዮጵያ የዱር እንስሳትና የተፈጥሮ ታሪክ ማኅበር እ.ኤ.አ. በ1966 ነው የተመሠረተው። እ.ኤ.አ. በ1996 በአገሪቱ ለወፎች ወሳኝ የሆኑ 69 ቦታዎችን ለይቶ አሳትሟል። መምህር ያንን ዝርዝር በፎቶ ኮፒ ይዘውታል። ጠርዙ በቡና ተለውሷል። ሱሉልታ አለበት፤ በርጋም አለበት። የኛ ትንሽ ክበብ መታወቂያም ማኅተምም የላትም። ያላት አንድ የቴሌግራም ግሩፕና አንድ ቴሌስኮፕ ነው። ቴሌስኮፑም የጋራ ነው።

ሱሉልታን ላንሳ። ከእንጦጦ ጀርባ ያለው ያ ሰፊ ሜዳ ክረምት ላይ ውኃ ይቋጥራል። እዚያ የራሳችን ባለ ቢጫ ጉሮሮው የሜዳ ወፍ አለ። ከአንገቱ ሥር ጥቁር ሐብል ያሰረ፣ ጉሮሮው እንደ እርድ የደመቀ ወፍ ነው። እሱም ከኢትዮጵያ አይወጣም። በየወቅቱ ስንመላለስ ግን አንድ ነገር እያስተዋልን መጥተናል። ባለፈው ዓመት ቴሌስኮፕ የተከልንበት ቦታ አሁን የብሎኬት አጥር ወጥቶበታል። የቀድሞው ረግረግ ላይ ገልባጭ መኪና አፈር ይደፋል። ቤት የሚሠራን ሰው መውቀስ አይቻለኝም፤ እኔም ኮንዶሚኒየም ውስጥ ነው ያለሁት፤ እሱም ቀድሞ እርሻ ነበረ። ነገር ግን አንዴ ብቻ ሄጄ ቢሆን ኖሮ «ወይ ሰፊ ሜዳ!» ብዬ ፎቶ አንስቼ እመለስ ነበር። መጥበቡን የሚያየው የተመላለሰ ነው።

ጥር ላይ ደግሞ ቆጠራ አለ። ዓለም አቀፉ የውኃ ወፎች ቆጠራ እ.ኤ.አ. በ1967 ነው የተጀመረው፤ አሁን በየዓመቱ ጥር ላይ በብዙ አገሮች ይካሄዳል። እኛ ቢሾፍቱ፣ ጨለለቃ ሄደን ለመቁጠር እንሞክራለን። እዚያ የሚከርሙት ከሰሜን የሚመጡት፣ ክሬን የሚባሉት ረጃጅም ወፎች ናቸው። ቀን ቀን የጤፍና የሽምብራ ቃርሚያ ላይ ይበተናሉ፤ ሲመሽ ጥልቀት የሌለው ውኃ ውስጥ ቆመው ለማደር በመንጋ ይመለሳሉ። መቁጠሪያው ሰዓት ያ ነው። አንድ በአንድ መቁጠር አይታሰብም። መጀመሪያ አሥሩን በትክክል ትቆጥራለህ። አሥር ወፍ ሰማዩ ላይ ምን ያህል ቦታ እንደሚይዝ ዓይንህ ይለምዳል። ከዚያ ያንን ልክ መንጋው ላይ እየደረደርክ አሥር፣ ሃያ፣ ሠላሳ እያልክ ትሄዳለህ። አንዱ ይቆጥራል፣ ሌላው ይጽፋል። ነርሷ ከሁላችንም ትበልጣለች። የልብ ምት መቁጠር ለምዳ ነው መሰለኝ። እኔ ጸሐፊ ነኝ።

ወደ ጭቅጭቁ ልምጣ። የዓመቱን ፕሮግራም ለማውጣት ፒያሳ አንድ ቡና ቤት ተሰብስበን ወጣቶቹ አንድ ላይ አደሙ። ያቤሎ ካልሄድን ሞተን እንገኛለን አሉ። ምክንያታቸውም ደካማ አይደለም። ያቤሎ አካባቢ ብቻ የሚኖር፣ ዓይኑ ዙሪያ ሰማያዊ ቆዳ ያለው የቁራ ዘመድ አለ። ሌላ ቦታ ያንኑ የመሰለ ቁጥቋጦ ሞልቶ ወፉ ግን ከዚያች ጠባብ ግዛት አይወጣም። ተመራማሪዎች ነገሩ ከአየሩ ቅዝቃዜ ጋር የተያያዘ ነው ይላሉ። ዙሪያው ሲሞቅ መሃሏ ቀዝቀዝ ያለች ናት። አገሩ ከሞቀ ያ ወፍ የሚሸሽበት የለውም። ከልጆቹ አንዱ ይህን ሲያስረዳ አስተናጋጇ ሳትቀር ቆማ ሰማችው። ሌላው የነጭ ሣር ብሔራዊ ፓርክን ጨመረ። እ.ኤ.አ. በ1990 እዚያ መንገድ ላይ ተገጭቶ ከሞተ፣ በሌሊት ከሚበር ላባ ያለው ወፍ አንድ ክንፍ ብቻ ተገኝቶ፣ በዚያች ክንፍ ብቻ አዲስ ዝርያ ተብሎ የተመዘገበበትን ታሪክ ተረከ። ማን አይጓጓ!

መምህር ቡናቸውን ፉት እያሉ ሰሙና «በርጋን ጨርሳችሁታል?» አሉ።

በርጋ ከሆለታ ወደ ሙገር በሚወስደው መንገድ ላይ ያለ ረግረግ ነው። ክረምቱ ሲከብድ፣ ሐምሌና ነሐሴ፣ በዓለም እጅግ ብርቅ ከሆኑት ወፎች አንዷ እዚያ ሣር ውስጥ ትፈለፍላለች። ክንፏ ላይ ነጭ ያላት፣ በመዳፍ የምትያዝ የረግረግ ወፍ ናት። እ.ኤ.አ. በ2018 ደቡብ አፍሪካ ውስጥም እንደምትራባ እስኪረጋገጥ ድረስ መራቢያዋ ተብሎ የሚታወቀው ኢትዮጵያ ብቻ ነበር። የበርጋ ገበሬዎች በመራቢያዋ ወቅት ከብቶቻቸውን ከረግረጉ እንዲያርቁ ተስማምተዋል። በምትኩ ከደቡብ አፍሪካ በተገኘ ድጋፍ ለልጆቻቸው ትምህርት ቤት ተሠርቷል። ይህንን ያህል ነገር የተደረገላት ወፍ ደግሞ አትታይም። ሣር ውስጥ ነው የምትኖረው። እሷን ለማየት ብሎ ረግረጉን መርገጥ ጎጆዋን መርገጥ ነው። ስለዚህ እኛ በርጋ ስንሄድ ዳር ቆመን፣ ዣንጥላ ይዘን፣ ጭቃ ውስጥ ተተክለን ነው የምንመለሰው። ወጣቶቹን ያንገሸገሻቸው ይሄ ነው። «መምህር፣ እኛ ወፍ ለማየት ነው የተመዘገብነው» አለ አንዱ።

እኔ ከመምህር ጋር ነኝ፤ ግን ልጁንም አልፈረድኩበትም። ያቤሎ ከ500 ኪሎ ሜትር በላይ ነው። ነዳጁ፣ አልጋው፣ አበሉ ተደምሮ ለተማሪ የማይሞከር ነው። እሱ ግን የትርፍ ሥራ ሠርቶ ሊከፍል ተዘጋጅቷል። እንዲህ የጓጓን ልጅ ገፈርሳ ይበቃሃል ማለት ይከብዳል። ደግሞ ያቤሎ ለሚኖር ሰው ያ ሰማያዊ ዓይን ወፍ የጓሮው ወፍ ነው። ሩቅ የሚባለው ለኛ ነው።

በመጨረሻ ተደራደርን። ኅዳር ገፈርሳ፣ ጥር ቢሾፍቱ ቆጠራ፣ በየሁለት ወሩ ሱሉልታ። ሱሉልታ ላይ አጥሩና አፈሩ የት እንደደረሰ በየጊዜው ካርታ ላይ እንድንመዘግብ እኔ ሐሳብ አቅርቤ ጸደቀ። ካርታውን የሚይዘው ያ የተቃወመው ልጅ ነው፤ ስልኩ ጥሩ ነው። ያቤሎ ለትንሣኤ ተቀጠረ፤ ከዛሬ ጀምሮ በየወሩ እየተዋጣ። ገንዘብ ያዧ ነርሷ ናት። ትናንት ግሩፑ ላይ የሒሳብ ቁጥሯን ለጥፋለች። እስካሁን የከፈሉት መምህር ብቻ ናቸው።