ወደ ታዳሚ

ለጥቅምት መጨረሻ ያሰብኩት ጉዞ ዛሬ ማታ መልክ ያዘ። ቶኪዮ ከመጣሁ ጀምሮ በከተማ ባቡር ስጋፋ ነው የኖርኩት። አሁን የምፈልገው ቀስ ብሎ የሚሄድ፣ በመስኮቱ ወንዝ የሚያሳይ ባቡር ነው።

መስመሩ ከአይዙ-ዋካማትሱ ተነስቶ፣ የፉኩሺማን ተራሮች አቋርጦ፣ ኒጋታ ውስጥ ኮይዴ ላይ ያበቃል። 135 ኪሎ ሜትር ነው። በወንዙ ስም ታዳሚ ይሉታል። መጀመሪያ ስሰማው ጆሮዬ ላይ የቀረው የኛው «ታዳሚ» ነበር፤ ተጠርቶ የመጣ ሰው። እኔም ተጠርቼ የምሄድ ያህል ሆነብኝ።

ያስቸገረኝ ሰዓቱ ነው። ከጫፍ እስከ ጫፍ የሚሄደው ባቡር በቀን ሦስት ጊዜ ብቻ ይነሳል፦ ንጋት 12 ሰዓት ገደማ፣ ከቀኑ 7 ሰዓት ገደማና 11 ሰዓት ላይ። መንገዱ ከአራት ሰዓት በላይ ይፈጃል። በዚያ ወቅት ፀሐይ 10 ሰዓት ተኩል እንዳለፈ ትጠልቃለች፤ የ7 ሰዓቱን ብይዝ የጉዞው ማብቂያ ጨለማ ሊሆንብኝ ነው። ቀዩንና ቢጫውን ቅጠል ለማየት ሄጄ ጥቁር መስታወት ላይ የራሴን ፊት ሳይ መመለስ አልፈልግም። ስለዚህ ዋዜማውን በኮሪያማ በኩል አይዙ ገብቼ አድራለሁ፣ በማለዳው እሳፈራለሁ። ከኮይዴ የዑራሳ ጣቢያ ቅርብ ነው፤ ከዚያ ፈጣኑ ባቡር ሺንካንሰን ቶኪዮ ይመልሰኛል።

ማታ ድሬዳዋ ደውዬ ለአባዬ ነገርኩት። ዕድሜውን በምድር ባቡር ጥገና የጨረሰ ሰው ነውና ስለ ቅጠሉ አልጠየቀኝም።

«የሐዲዱ ስፋት ስንት ነው?»

«አንድ ሜትር ከ6.7 ሳንቲ።»

«የኛ ድፍን አንድ ሜትር ነበር» አለ፤ ድምፁ ሞቅ አለ። «ዘመዳሞች ናቸው በያ!»

በፈረንጆቹ ሐምሌ 2011 የወረደው ዝናብ ሦስት ድልድዮቹን እንደሰበረበት፣ ከአይዙ-ካዋጉቺ እስከ ታዳሚ ከተማ ያለው 27 ኪሎ ሜትር ተኩል ያህል መንገድ 11 ዓመት ተዘግቶ እንደቆየ ነገርኩት። ባቡሩን የሚያንቀሳቅሰው ድርጅት በአውቶቡስ ይተካ ብሎ ነበር። የአካባቢው ሰዎች ግን እሺ አላሉም። በመጨረሻ ሐዲዱን አውራጃው ተረከበ፣ ድርጅቱ ባቡሩን ብቻ ሊነዳ ተስማማ፣ በጥቅምት 2022 መስመሩ ተከፈተ። ታዳሚ ከተማማ ሰው ሁሉ ለሚያልፈው ባቡር እጁን እንዲያውለበልብ ደንብ አውጥታለች። ይህን ስነግረው አባዬ ዝም አለ። አሮጌው ባቡራችን ከቆመ ወዲህ እንዲህ ዓይነቱን ዝምታ አውቀዋለሁ፤ አላቋረጥኩትም።

ሚሺማ አጠገብ የመጀመሪያው የታዳሚ ወንዝ ድልድይ አለ። ብዙ ሰው ኮረብታው ላይ ወጥቶ ባቡሩ ቅስቱ ላይ ሲያልፍ ፎቶ ያነሳል፤ ውሃው ፀጥ ካለ ድልድዩ ተገልብጦ ይታያል። እኔም እዚያ ልውረድ አልውረድ ስል ከርሜያለሁ። ከወረድኩ የሚቀጥለውን ባቡር ለመጠበቅ ግማሽ ቀኔ ይሄዳል። ደግሞም ያንን ፎቶ ብዙ ሰው አንስቶታል፤ ውስጡ ተቀምጦ እጅ የሚያውለበልብለትን ሰው የሚያይ እኔ ልሁን። አልወርድም።

ስንቅ መያዝ አለብኝ፤ ባቡሩ አንድ ወይም ሁለት ፉርጎ ብቻ ነው፣ ምግብ አይሸጥበትም። ጽጌን ስለምፆም ኡሜቦሺ ያለበትን ኦኒጊሪ ነው የምገዛው፤ ጨው የጠጣ ኮምጣጣ ፍሬ በነጭ ሩዝ ተጠቅልሎ፣ ላዩ ላይ የባሕር ቅጠል። ሦስት ይበቃኛል። ሻይ በፔርሙዝ።

ስልኩን ልዘጋ ስል አባዬ፣ «ልጄ፣ ድልድዩ ላይ ስትደርሺ አታውሪ። የመንኮራኩሩን ድምፅ ብቻ ቅጂልኝ፤ መሬት ላይ ሲሄድና ብረት ላይ ሲወጣ ይለያያል» አለኝ።

ከስልኬ የቆዩ ቪዲዮዎችን አጥፍቼ ቦታ አስለቅቄያለሁ። የመቅጃውን ድምፅም ወጥ ቤት ቆሜ፣ ቧንቧ ከፍቼ ሞከርኩት። ጥርት ብሎ ይሰማል።