«እርስዎ ይቅደሙ» የሚባባሉ ሁለት ሰርቨሮች

ቅዳሜ ከሰዓት ጣና ዳር ቁጭ ብዬ ጥብስ ቀረሶ ላይ ሎሚ ስጨምቅ ስልኬ ጮኸ። የቢሯችን ጥበቃ ጋሼ ናቸው። «ልጄ፣ መብራት ከሄደ ቆየ፤ ያ ሳጥን ግን ጲጵ ጲጵ ማለቱን አልተወም።» ሳጥኑ ዩፒኤሱ ነው፤ መብራት ሲሄድ ሰርቨሮቹን ለጥቂት ጊዜ የሚያቆይ ባትሪ። ባጃጅ ይዤ በረርኩ፤ ቀረሶውም ቀረ።

ሁለት ሰርቨሮች አሉን፤ አንዱ የሌላውን ፎልደር በኤንኤፍኤስ (ፎልደርን በኔትወርክ ማጋሪያ ዘዴ) ማውንት ያደርጋል፣ ማለትም እንደ ራሱ ፎልደር አያይዞ ይጠቀምበታል፣ ሌላውም የአንዱን። መብራት ሲሄድ የሚያጠፋቸውን ስክሪፕት የጻፍኩት እኔው ነኝ፦ መጀመሪያ ፋይል ማጋራቱን አቁም፣ ቀጥሎ ማውንቱን ፍታ፣ ከዚያ ጥፋ። ለአንድ ማሽን ሸጋ ነው። እኩል ሲጀምሩት ግን ሁለቱም ማጋራታቸውን ዘግተው፣ ያልተጻፈ ዳታቸውን ሊያስረክቡ አንዱ የሌላውን ደጅ ያንኳኳል። ማውንቱ ደግሞ ሃርድ የሚባለው ዓይነት ነው፤ መልስ እስኪያገኝ ይሞክራል፣ ተስፋ መቁረጥ አያውቅም። ሰርግ ቤት በር ላይ «እርስዎ ይቅደሙ»፣ «ኧረ በእግዜር፣ እርስዎ!» እየተባባሉ መግቢያውን የዘጉ ሁለት ሽማግሌዎች በሏቸው።

ቸኩዬ ዲኤፍ (የዲስክ ቦታ የሚያሳየውን ትእዛዝ) ብዬ መታሁ፤ መስኮቱ ደረቀ። በሌላ መስኮት ኤልኤስኦኤፍ (የተከፈቱ ፋይሎችን የሚዘረዝረውን)፤ እሱም ደረቀ። ሁለቱም የሞተውን ማውንት ሄደው ስለሚጠይቁ ነው። ፕሮክ በሚባለው የሲስተሙ ፎልደር ውስጥ ያለውን የማውንትስ ፋይል (የማውንቶቹን ዝርዝር) በካት ማንበብ ግን ከርነሉን (የሲስተሙን እምብርት) ብቻ ስለሚጠይቅ አይታሰርም። ሎዱ (የሚሠሩና የሚጠብቁ ፕሮሰሶች አማካይ ቁጥር) 40 ገብቷል፣ ሲፒዩው ሥራ ፈትቶ ተቀምጧል፤ ሎድ ላይ ዲ ስቴት ገብተው (ዲስክ ወይም ኔትወርክ እስኪመልስላቸው ታስረው) የሚጠብቁትም ይቆጠራሉ።

ማውንት የሚፈታውን ትእዛዝ፣ ዩማውንትን፣ በኤፍ (በግድ ፍታ) ሞከርኩ። «ቢዚ» (ተይዟል) አለኝ። ማን ይዞት ነው? ጠዋት ከፍቼው የሄድኩት የራሴ ሼል (የትእዛዝ መስኮት)፣ እዚያው ፎልደር ውስጥ ቆሞ! ሲዲ ብዬ ወጣሁ፣ ደገምኩት፣ ተፈታ። ኤፍ የሚጠባበቁትን ጥያቄዎች ስለሚቆርጥ ያልተጻፈው ዳታ አብሮ ይጠፋል። በኤል (አሁን ደብቅ፣ ሲለቀቅ ፍታ) ብፈታው ደግሞ ስሙን ከዓይን ይሰውረዋል እንጂ የታሰሩት ፕሮሰሶች እንደታሰሩ ናቸው። ሁለተኛው ማሽን ላይ ሳልደርስ ዩፒኤሱ አንዴ ረዘም አድርጎ ጮኸና ዝም አለ።

አሁን ማውንቱ በአንድ አቅጣጫ ብቻ ነው፤ ተቀባዩ ቀድሞ ይፈታል፣ ሰጪው 3 ደቂቃ ቆይቶ ይዘጋል። ለንባብ ብቻ የሆነውን ሶፍት (ሞክሮ ሞክሮ የሚተወው ዓይነት) አደረግሁት (ለሚጻፍበት አትሞክሩት፣ ፋይል ያበላሻል)። ታይምኦውን (መልስ የሚጠብቅበትን ጊዜ) 10 ብዬ 10 ሰከንድ መስሎኝ ነበር፤ ለካ የሚቆጠረው በሰከንድ አንድ አሥረኛ ነው፣ 100 መሆን ነበረበት።

የሽማግሌዎቹን ነገር ለጋሼ አጫወትኳቸው። ከልብ ሰምተው፦

«ታዲያ በመጨረሻ ማን ቀደመ?»

«ባትሪው፣ ጋሼ።»