የመጀመሪያዋን ትቼ ሁለተኛዋን ፍለጋ

ባለፈው ስንገናኝ «ያ የግድግዳ ካርታሽ የት ደረሰ?» ብላችሁኝ ነበር። ይኸው መልሱ። የዓለም ካርታ ነው፤ ፈር ቀዳጅ ሴቶች የደረሱበትን በስፒልና በክር የማመለክትበት። ስድስት ወር ሞላኝ። አንዱ ደብተር አልቆ ሁለተኛው ተጀምሯል። ካርታው በስፒል ብዛት ወንፊት መስሏል። በስፒሎቹ መሀል የወጠርኩት ክር የእናቴ የጥልፍ ክር ነው፤ እሷ ግን እስካሁን የምትጠረጥረው ድመቷን ነው።

ለአዲሶቹ ባጭሩ ልንገራችሁ። በጥያቄና መልስ ምሽታችን ላይ አገሮች፣ አሳሾችና ፈር ቀዳጅ ሴቶች የሚባለው ዙር ሲመጣ ሁሌም የምወድቀው እኔ ነኝ። ስለዚህ እልህ ያዘኝና ዝርዝር አወጣሁ። የመጀመሪያዋ ጠፈርተኛ፣ የመጀመሪያዋ ኤቨረስት ላይ የወጣች፣ የመጀመሪያዋ ዓለምን የዞረች... ስምና ዓመት፣ ስምና ዓመት፣ ልክ ለሚኒስትሪ ፈተና እንደማጠና። በሁለት ሳምንት 40 ስም ሸመደድኩ። በሦስተኛው ሳምንት ራሴን ስፈትን ወፍ የለም። ዓመቱ ትዝ ሲለኝ ስሙ ይጠፋል፣ ስሙ ሲመጣ አገሩ።

መፍትሔው የመጣው ካልጠበቅኩት ቦታ ነው። ቤት ውስጥ ስለ ባርሴሎና ኦሊምፒክ እየተወራ ነበር፤ በፈረንጅ 1992 ደራርቱ ቱሉ በ10,000 ሜትር ያሸነፈችበት። ወንድሜ «ሁለተኛ የወጣችው ማን ነበረች?» አለ። ሳላስብ «ኤላና ሜየር፣ ደቡብ አፍሪካዊቷ» አልኩ። የብር ሜዳሊያ አሸናፊ ስም የት አውቄ! ግን አወቅኩ። ምክንያቱም ሁለቱ ተያይዘው ሜዳውን ሲዞሩ ያላየ ሰው የለም። የመጀመሪያዋን በአእምሮዬ ውስጥ ተክላ ያስቀመጠችልኝ ሁለተኛዋ ናት።

ከዚያ ቀን ጀምሮ ደብተሬ ላይ አንድ ዓምድ ጨመርኩ፦ «ሁለተኛዋ ማን ናት? ከስንት ጊዜ በኋላ?» ጨዋታው ሁሉ የተቀየረው እዚህ ጋ ነው።

የኤቨረስቱን ልንገራችሁ። (ከዚህ በታች ያለው ዓመት ሁሉ በፈረንጅ ነው፤ ለምን አጥብቄ እንደምናገር ወደ ኋላ ይገባችኋል።) ጃፓናዊቷ ጁንኮ ታቤይ ሜይ 16 ቀን 1975 ጫፉ ላይ ወጣች። በእኛ 1967፣ መሬት ለአራሹ የታወጀበት ዓመት መሆኑ ነው። ሁለተኛዋስ? ፋንቶግ የምትባል የቲቤት ተወላጅ፣ ከቻይና ቡድን ጋር፣ በተራራው በሌላኛው ወገን። መቼ? ከ11 ቀን በኋላ። 11 ቀን! ይህን ሳነብ ደብተሩን አስቀምጬ ቆምኩ። ከዚያ በፊት 35 ሰው፣ ሁሉም ወንድ፣ በ22 ዓመት ውስጥ ወጥቷል። ከዚያ በ11 ቀን ልዩነት ሁለት ሴቶች፣ አንዷ በደቡብ፣ አንዷ በሰሜን። ለካ በሩን በሁለቱም ወገን ሲገፉት ቆይተዋል።

ሦስተኛዋ ፖላንዳዊቷ ቫንዳ ሩትኪየቪች ናት፣ ኦክቶበር 16፣ 1978። ይህን ቀን አልረሳውም፤ ፖላንዳዊው ካሮል ቮይቲላ የካቶሊኮች ርዕሰ ሊቃነ ጳጳሳት ዮሐንስ ጳውሎስ ሁለተኛ ሆነው የተመረጡት በዚያው ዕለት ነው። ፖላንድ ያን ቀን ምን ዓይነት ቀን እንደዋለች አስቡት።

ታቤይ ጋ ብዙ ቆየሁ፣ ምን ላድርግ፣ ወደድኳት። ቁመቷ አንድ ሜትር ተኩል ገደማ ነው። ሴቶች ብቻ ያሉበት የተራራ ወጪዎች ክበብ ያቋቋመችው በ1969 ነው። ለኤቨረስቱ ጉዞ ገንዘብ ሲለምኑ ልጅ ብታሳድጉ ይሻላችኋል ይባሉ ነበር። የሦስት ዓመት ልጅ ነበራት። ፒያኖ እያስተማረች ገንዘብ አጠራቀመች። ገንዘቡ ስላልበቃ ከመኪና መቀመጫ ሽፋን የእጅ ጓንት መደረቢያ ሰፉ። አያችሁ፣ የዓለም ትልቁ ተራራ በመኪና መቀመጫ ጨርቅ።

ከዚያ ሜይ 4 ሌሊት በድንኳን ተኝተው ሳለ የበረዶ ናዳ ወረደባቸው። ታቤይ ለስድስት ደቂቃ ያህል ራሷን ሳተች። ሼርፓዎቹ፣ የአካባቢው ተራራ መሪዎች፣ ከበረዶው ውስጥ ጎትተው አወጧት። ከ12 ቀን በኋላ ጫፉ ላይ ነበረች። ግን እኔን የያዘኝ ቦታ ይሄ አይደለም። ጫፉ ሊደርሱ ጥቂት ሲቀራቸው እንደ ቢላ ስለት የቀጠነ የበረዶ ጠርዝ ገጠማት። ከእሷ በፊት የወጡት ሰዎች በጻፉት ውስጥ ስለዚህ ጠርዝ አንዲት ቃል አላነበበችም፤ እና ከመፍራቷ ይልቅ ተናደደች! እንዴት ይህን አይጽፉም ብላ። ከዚያ ደረቷን ወደ ቻይና፣ እግሯን ወደ ኔፓል አድርጋ በጎን በኩል እየተሳበች አለፈች። ቻይናና ኔፓል ድንበር እንደሚጋሩ ከዚህ በኋላ የሚጠይቀኝ ሰው ካለ በሳቅ ነው የምመልስለት።

ደግሞ ይችው ሴትዮ «የመጀመሪያዋ ሴት» ተብላ መጠራቱን ብዙም አትወደውም ነበር። ኤቨረስትን የወጣች 36ኛ ሰው በሉኝ ትል ነበር። የእኔን ዓምድ ከእኔ በፊት አስባበታለች ማለት ነው።

ወደ ጠፈር ስንመጣ ነገሩ ሌላ ነው። እዚህ ነው ደግሞ ጉድ የሠራሁት። የመጀመሪያዋ፣ የሶቪየት ኅብረቷ ቫለንቲና ቴሬሽኮቫ፣ ጁን 16፣ 1963 በቮስቶክ 6 መንኮራኩር መጠቀች። የጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ ሠራተኛ ነበረች፤ በትርፍ ጊዜዋ በጃንጥላ ትዘል ነበር። በሦስት ቀን ውስጥ ምድርን 48 ጊዜ ዞረች፤ ይህ ደግሞ እስከዚያ ድረስ አሜሪካኖቹ ጠፈርተኞች ሁሉ ተደምረው ከቆዩት በላይ ነው። ዓመቱን እንዳልረሳ ከአፍሪካ አንድነት ድርጅት ጋር አሰርኩት፤ አዲስ አበባ ላይ ቻርተሩ ከተፈረመ ገና 22 ቀኑ ነበር። ስለዚህ ደብተሬ ላይ «1955» ብዬ ጻፍኩ። በእኛ። ሁለተኛዋን፣ እሷም የሶቪየት የሆነችውን ስቬትላና ሳቪትስካያን ደግሞ «1982» ብዬ። በፈረንጅ። ከዚያ ቀንሼ 27 ዓመት አልኩና እናንተ ፊት በሙሉ ልብ ተናገርኩ። ማን እንዳረመኝ ታስታውሳላችሁ፤ እስካሁን በየምሽቱ «ሃያ ሰባት» እያለ ይጠራኛል። ትክክለኛው 19 ነው። ምክሬ አንድ ነው፦ ዓመት ስትጽፉ አጠገቡ «በእኛ» ወይም «በፈረንጅ» በሉ፤ ሰነፍ አትሁኑ።

19ም ቢሆን ግን ብዙ ነው። ቴሬሽኮቫን ጨምሮ አምስት ሴቶች ሠልጥነው ነበር። አራቱ ምንም ሳይበሩ በ1969 ቡድኑ ተበተነ። አንዷ ወጣች፣ ፎቶ ተነሣ፣ ዓለም አጨበጨበ፣ በሩ ተዘጋ። ስቬትላና ሳቪትስካያ በ1982 ጠፈር ጣቢያው ስትደርስ እዚያ የነበሩት ወንዶች ምን ሰጧት መሰላችሁ? ሽርጥ። የማድ ቤት ሽርጥ። ለቀልድ ነው አሉ። በ1984 ከመንኮራኩር ውጭ የሠራች የመጀመሪያዋ ሴት ሆነች፤ ሽርጡን ለብሳ እንዳልወጣች ተስፋ አደርጋለሁ።

አሜሪካ ደግሞ ከዚህ የባሰ ነው። በ1960ዎቹ መጀመሪያ 13 ሴት አብራሪዎች ወንዶቹ ጠፈርተኞች ያለፉትን የጤና ምርመራ አልፈው ነበር። ግን ለጠፈርተኛነት የጄት ሙከራ አብራሪነት ያስፈልጋል ተባለ፤ ያ ሥራ ደግሞ ለሴት ዝግ ነው። የመጀመሪያዋ አሜሪካዊት ሳሊ ራይድ እስከ 1983 አልወጣችም። ከ13ቱ አንዷ ዋሊ ፈንክ ጠፈርን ያየችው በ2021፣ በ82 ዓመቷ፣ በግል ኩባንያ መንኮራኩር ነው። 60 ዓመት ጠበቀች።

አሁን ዓምዴ ምን እያደረገ እንደሆነ ገባችሁ? 11 ቀን ሲሆን አንድ ታሪክ ነው፣ 19 ዓመት ሲሆን ሌላ።

ለንደን ያለው የሮያል ጂኦግራፊ ማኅበር ደግሞ የሁለቱ ቅልቅል ነው፤ በ1892 እና 93 እነ ተጓዥና ጸሐፊዋን ኢዛቤላ በርድን ጨምሮ 22 ሴቶችን በአባልነት ተቀበለ፣ ከዚያ ወንዶቹ ተንጫጩና እስከ 1913 ድረስ ዘጋ። ከፍቶ መዝጋት ምን ይባላል? ባልከፈተው ይሻል ነበር ልል አልኩና ተውኩት፤ 22ቱ ገብተዋላ።

ኔሊ ብላይን ሁላችሁም ስለምታውቋት ባጭሩ አልፋታለሁ ብዬ ነበር፤ ሁለተኛዋን እስካገኝ። ብላይ የኒው ዮርክ ጋዜጠኛ ናት። ኖቬምበር 14፣ 1889 አንዲት የእጅ ቦርሳ ይዛ ዓለምን ለመዞር ተነሣች። ምኒልክ እንጦጦ ማርያም ዘውድ ከጫኑ 11ኛው ቀን ነው። ቅያሪ ቀሚስ የላትም፤ ሦስት ወር የሚችል አንድ ቀሚስ በአንድ ቀን አሰፍታ ሄደች። ቦርሳዋን ያጣበባት ደግሞ አንድ የፊት ቅባት ብልቃጥ ነው፤ ትታው ለመሄድ ግን አንጀቷ አልቻለም። (በሻንጣ ጉዳይ ከ130 ዓመት በኋላም አልተሻሻልንም።) በ72 ቀን ጨረሰች። ክሯ በስዊዝ፣ በቀይ ባሕር፣ በኤደን በኩል ያልፋል። ካርታዬ ላይ ከእኛ አገር ጥግ በጣት ስፋት ነው የራቀው።

ግን በዚያው ዕለት ማታ ሌላ ሴት በተቃራኒው አቅጣጫ መነሣቷን ታውቁ ነበር? ኤሊዛቤት ቢስላንድ ትባላለች። አንድ መጽሔት የብላይን ወሬ ሰምቶ ጠዋት ጠራትና ማታ ሂጂ አላት። እሷም እንግዳ ጠርቻለሁ፣ የምለብሰውም የለኝም ብላ ተከራክራ ነበር። ይህን ሳነብ ወዳጅነት ተሰማኝ። ብላይ ተወዳዳሪ እንዳላት ያወቀችው ሆንግ ኮንግ ስትደርስ ነው፤ ሌላዋ ከሦስት ቀን በፊት አልፋለች ተባለች! በመጨረሻ ግን ቢስላንድ እንግሊዝ ላይ ፈጣኑ መርከብ ሄዷል ተብላ ቀርፋፋውን ተሳፈረች፤ ብላይ ደግሞ አሜሪካ ምዕራብ በበረዶ ሲዘጋ ጋዜጣዋ ልዩ ባቡር ተከራየላት። ልዩነቱ አራት ቀን ገደማ ነው። ከዚያ ወዲህ «ማን ቀደመች?» ሲባል «ባቡሩን የከፈለላት ማን ነው?» ብዬ ነው የምጠይቀው።

በጣም ረጅሙ ክፍተት ዓለምን የዞረችው የመጀመሪያዋ ሴት፣ የፈረንሳዊቷ የዣን ባሬ ነው። በ1766 ፈረንሳይ ዓለምን ለመዞር መርከቦች ስትልክ ሴት በባሕር ኃይል መርከብ መሳፈር ክልክል ነበር። ባሬ ደረቷን በጨርቅ አስራ፣ የወንድ ልብስ ለብሳ፣ የዕፅዋት ተመራማሪው ኮመርሶን ረዳት ሆና ገባች። ሰውየው እግሩን ያመው ስለነበር ብዙውን ለቅማ የተሸከመችው እሷ ናት። ከብራዚል ከሰበሰቧቸው ተክሎች አንዱ ቡገንቪሊያ ነው። አዎ፣ ያ አጥራችን ላይ ያለው። ስሙ ለማን ወጣ? ለአዛዡ ለቡገንቪል። ኮመርሶን አንድ ተክል በስሟ ሰይሞ ነበር፣ ስሙ ግን አልጸናም። የጸና ስም ያገኘችው በ2012 ነው፤ የድንችና የቲማቲም ዘመድ የሆነ ተክል በእሷ ስም ተጠራ። ዙሯን የዘጋችው ወደ 1775 ገደማ ሲሆን ከዚያ ወዲህ ክሯን ስጎትት የማገኛት ቀጣይ ሴት ሮዝ ደ ፍሬሲኔ ናት፣ በ1817። እሷም የወንድ ልብስ ለብሳ ነው የተደበቀችው፤ የመርከቡ አዛዥ ሚስት ሆና ሳለ! በግማሽ ምዕተ ዓመት ውስጥ የተቀየረው ሱሪው ብቻ ነው።

አሁን ያለሁት ደቡብ ዋልታ ላይ ነው፤ እዚህ ደግሞ ዓምዴ ተበላሸብኝ። የአሜሪካ ባሕር ኃይል ሴቶችን ወደ አንታርክቲካ አልወስድም እያለ ኖሮ በ1969 ፈቀደ። በዚያው ዓመት ኖቬምበር ላይ ስድስት ሴቶች በአውሮፕላን ዋልታው ላይ ደረሱ። አምስቱ አሜሪካውያን፣ አንዷ ከኒው ዚላንድ። የአውሮፕላኑ የኋላ በር ተከፈተ፣ መወጣጫው ወረደ። ማን ይቅደም? ስድስቱም ክንድ ለክንድ ተያያዙና በአንድ መስመር እኩል ረገጡት።

«ሁለተኛዋ ማን ናት?» በሚለው ላይ አንድ ሰረዝ አድርጌ ስድስቱንም ስም ከላይ ጻፍኩ። መስመሩ ስላልበቃኝ የመጨረሻው ስም ጠርዙ ላይ ወጥቷል።