ፎቶ ሳንለዋወጥ

የፍቅር ጓደኛዬን ቴሌግራም ላይ እንደተዋወቅኩት ጓደኞቼ ሲሰሙ ሳቁብኝ። «ፊቱን ሳታዪ?» አዎ፣ ፊቱን ሳላይ። ፎቶ እያየሁ መምረጥ ሰልችቶኝ ነበር። መልኩ ያማረው ሁሉ ቻት ላይ ሲመጣ «ሰላም ነው? በላሽ?» ከማለት አያልፍም።

ቴሌግራም ላይ ሰዎች ስማቸውን ሳይጠቅሱ ስለራሳቸው ጥቂት መስመር የሚያስለጥፉባቸው ቻናሎች አሉ። መጀመሪያ ሴቲንግ ገብቼ ስልክ ቁጥሬንና ፎቶዬን ማንም እንዳያይ አደረግኩ። ይሄን ሳያደርጉ መጀመር እብደት ነው። ቁጥራችሁን ያገኘ ሰው ቴሌብር ላይ ገንዘብ የሚልክ መስሎ ቢያስገባው ስማችሁን ሊያነብ ይችላል።

ቻናሉ ላይ ሁሉም «ረጅም፣ ቀይ፣ ቁም ነገረኛ» ይላል። እኔ ቅዳሜ ሾላ ገበያ መዞር እንደምወድና ቦዘና ሽሮ ሽሮን ማበላሸት ነው ብዬ እንደማምን ጻፍኩ። ከመጡት መልሶች አብዛኞቹ «ፎቶ ላኪ» ነበሩ። አንዱ ግን ለቦዘና ሽሮ ጥብቅና ቆሞ ረጅም ክርክር ላከልኝ። በክርክሩ አልተሸነፍኩም፣ ግን መለስኩለት።

«ምን ዓይነት ሰው ነህ?» ብሎ መጠየቅ ዋጋ የለውም። «ዛሬ ምን አየህ?» ስለው ሜክሲኮ ታክሲ ውስጥ ዶሮ ይዘው ስለገቡ እናት ጻፈልኝ። ረዳቱ ለዶሮዋም ክፈሉ ሲላቸው «እሷ እኮ ጭኔ ላይ ነው የምትቀመጠው» አሉት አለኝ። ብቻዬን ሳቅኩ። ሰው የሚያስተውል መሆኑን የትኛው ፎቶ ያሳየኝ ነበር?

አሁን አሁን ቻትጂፒቲ የሚያጽፉም አሉ። አማርኛቸው ድንገት ዜና አንባቢ ይሆናል። እንዲህ ሲገጥመኝ ቮይስ እንዲልኩ እጠይቃለሁ፤ ወዲያው ይጠፋሉ። ሳይተዋወቅ ካርድ ሙይልኝ የሚለውን ደግሞ ብሎክ ነው። ፎቶ ይቆይ፤ ሃይማኖትና የልጅ ጉዳይ ግን ቶሎ ይጠየቅ። ልብ ከገባ በኋላ እሱን መጠየቅ ከባድ ነው።

ያልጠበቅኩት ከቦዘና ሽሮው ጠበቃ ጋር በአካል ስንገናኝ መጣ። ቀን ነበር፣ ፒያሳ ሰው የሚበዛበት ካፌ፤ የት እንደሆንኩ ጓደኛዬ ታውቃለች። ከእኔ አጠር ይላል፣ ያንን በአምስት ደቂቃ ረሳሁት። የከበደኝ ዝምታው ነው። ቻት ላይ አፉ የማይዘጋው ሰውዬ ፊት ለፊት ማኪያቶውን ያማስላል። ለወራት ሳነብ የኖርኩትን ድምፅ እኔው ፈጥሬ ሰጥቼው ኖሯል። ለዚህ ነው የሚጠይቁኝን ሴቶች በሁለተኛው ሳምንት ተደዋወሉ የምላቸው። ድምፁንም፣ ዝምታውንም ቀድሞ መልመድ ይሻላል።

ዝምታውን ለመልመድ ጊዜ ወሰደብኝ። ከባድ ነገር ሲገጥመው ዛሬም ይጽፍልኛል። ተናገር እያልኩ ማስጨነቅ ትቻለሁ፤ አንብቤ ስጨርስ እደውልለታለሁ።