የእነሱ ሚካኤል

ዛሬ መስከረም 19 ነው፤ በፈረንጆቹ ሴፕቴምበር 29። ለአብዛኛው ሰው ደመራው ካለፈ በኋላ የሚመጣ ተራ ቀን ነው፤ እኔን ግን ይህ ቀን በመጣ ቁጥር በሰሜን ለንደን የነበረ አንድ ጠባብ ሱቅ ትዝ ይለኛል።

በእንግሊዝ አገር የንግድ ቤት ኪራይ በልማድ የሚከፈለው በዓመት አራት ጊዜ፣ የሦስት የሦስት ወሩ በቅድሚያ ነው። ቀናቱ ማርች 25፣ ጁን 24፣ ሴፕቴምበር 29 እና ዲሴምበር 25 ሲሆኑ፣ ምንጫቸው የቤተ ክርስቲያን በዓላት ናቸው፦ የእመቤታችን ብሥራት፣ የመጥምቁ ዮሐንስ ልደት፣ የቅዱስ ሚካኤል በዓልና የጌታ ልደት። በዓላቱን ሕዝቡ ከረሳቸው ቆይቷል፤ የቤት አከራዮች ግን አልረሷቸውም። ይህን የተማርኩት ሁላችንም ጋሼ የምንላቸው ያገራችን ሰው ሱቅ ውስጥ፣ ቅዳሜ ቅዳሜ የሒሳብ መዝገባቸውን ስይዝላቸው ነው። ከቤተ ክርስቲያን የገዙትን የግድግዳ ቀን መቁጠሪያ በገንዘብ መቀበያው በኩል ሰቅለው፣ ታኅሣሥ 16ን፣ መጋቢት 16ን፣ ሰኔ 17ን እና መስከረም 19ን በቀይ እስክሪብቶ ከብበዋቸው ነበር። ምን እንደሆኑ ስጠይቃቸው ሳቅ ብለው፣ «ልጄ፣ የኛ ሚካኤል ያበላል፤ የነሱ ሚካኤል ይበላል» አሉኝ።

ሱቁ እንጀራ፣ በርበሬ፣ ሽሮ፣ ቡና፣ ዕጣን፣ ጀበናና ወደ አገር ቤት መደወያ ካርድ ይሸጥ ነበር። ዋናው መንገድ ላይ ነው፤ ከሁለት ቤት ወዲያ ከልብስ እስከ ከረሜላ የሚሸጠው ትልቁ መደብር ውልዎርዝስ አለ፤ ከውልዎርዝስ ፊት ለፊት ደግሞ የአውቶቡስ ፌርማታ። እናቶች ልጆቻቸውን ይዘው ከአውቶቡስ ይወርዳሉ፣ ውልዎርዝስ ገብተው ሌዲበርድ የሚባለውን የልጆች ሹራብ ወይም የትምህርት ቤት ካልሲ ይገዛሉ፣ ልጁ ካለቀሰ ከረሜላ በወረቀት ኩባያ ይሞላለታል፤ ከዚያ ሲወጡ ነው እንጀራው ትዝ የሚላቸው። እኛ ይህን አናስተውልም ነበር። ደንበኞቹ የጋሼ ናቸው ብለን እናስብ ነበር እንጂ፣ ግማሾቹ የውልዎርዝስ ደንበኞች መሆናቸውን ያወቅነው በኋላ ነው።

በ2001 ዓ.ም. የኅዳር ሚካኤል ዕለት ጋሼ እንደ ልማዳቸው ከሱቁ ጓዳ ዝክር ዘከሩ። እኛ ብቻ ሳንሆን፣ ከፌርማታው የሚያድሩት ሁለት ፖላንዳውያንም በልተው ሄዱ። በአምስተኛው ቀን፣ እ.ኤ.አ. ኖቬምበር 26 ቀን 2008፣ ውልዎርዝስ 385 ሚሊዮን ፓውንድ ዕዳ ተሸክሞ በኪሳራ አስተዳዳሪዎች እጅ መግባቱ ተነገረ። በ1909 ሊቨርፑል ውስጥ የመጀመሪያውን የእንግሊዝ ሱቁን የከፈተ፣ 807 ሱቆችና ወደ 27,000 የሚጠጉ ሠራተኞች የነበሩት ድርጅት ነው። ጋሼ ዜናውን ከራዲዮ ሲሰሙ እንደማንኛችንም አዘኑ፤ ቀጥሎ ግን ያሉት፣ «ሰው እኮ አሁን ከአውቶቡሱ አይወርድም» የሚል ነበር።

ጋዜጦቹ ለውድቀቱ የሰጧቸው ምክንያቶች ሁሉ እውነት ነበሩ፤ ባንኮች ብድር ነፍገዋል፣ ሱፐርማርኬቶች የልጆች ልብስና አሻንጉሊት መሸጥ ከጀመሩ ቆይተዋል፣ ሲዲና ዲቪዲ በኢንተርኔት ይገዛል። ከመዝገቡ በኩል ሆኜ ሳየው ግን ነገሩ ሌላ መልክ ነበረው። ሱቅ የሚሞተው ሰው መግዛት ባቆመ ቀን ሳይሆን በኪራይ ቀን ነው። የውልዎርዝስ የቀድሞ ባለቤት ብዙዎቹን ሕንፃዎች ሸጦ፣ ሱቆቹ የራሳቸው በነበረ ቤት ውስጥ ተከራይ ሆነው ቀርተው ነበር። የሙዚቃ መደብሩ ዛቪ ኪሳራውን ያሳወቀው ዲሴምበር 24 ቀን ነው፤ የኪራይ ቀን ዋዜማ መሆኑን ያኔ ስንት ሰው እንዳስተዋለ እንጃ፣ እኔ ግን ወዲያው ቀይ ክቡን አየሁ። (ዛቪ ዕቃውን ያገኝ የነበረው ከውልዎርዝስ አከፋፋይ ድርጅት ስለነበር፣ አንዱ ሲወድቅ ሌላውን ይዞት መውደቁም አለ።) በዚያ ላይ የንግድ ቤት ውሎች አብዛኛውን ጊዜ በየአምስት ዓመቱ ኪራዩ እንዲከለስ ሲፈቅዱ፣ ክለሳው ወደ ላይ እንጂ ወደ ታች እንዳይሆን ያስራሉ። ገበያ ይወርዳል፣ ፓውንድ ይወርዳል፤ ኪራይ አይወርድም።

ፓውንድስ ወርዶ ነበር። በእንግሊዞቹ በጋ 2 ዶላር ገደማ ይመነዘር የነበረው በዓመቱ መጨረሻ ከ1.50 ዶላር በታች ሆነ፤ ስለዚህ በርበሬውና ጤፉ ለጋሼ ተወደደባቸው፣ ደንበኛውም ወደ አገር ቤት የሚልከው ስላነሰበት ከዘንቢሉ ቀነሰ። መንግሥት ዲሴምበር 1 ላይ የተጨማሪ እሴት ታክስን ከ17.5 በመቶ ወደ 15 በመቶ ዝቅ ሲያደርግ ሁሉም ሰው የምሥራች አለን። እኔ መዝገቡን ከፍቼ ተመለከትኩ፤ እንጀራ፣ ሽሮና ቡና ምግብ በመሆናቸው ቀድሞም ታክስ አይከፈልባቸውም። የቀነሰልን የዕጣኑና የጀበናው ዋጋ ነበር።

የመጨረሻዎቹ የውልዎርዝስ ሱቆች የተዘጉት ጃኑዋሪ 6 ቀን 2009 ነው፤ በእኛ የገና ዋዜማ። የሰፈራችንም ከእነዚያ አንዱ ነበር። ለበዓሉ ቅቤና ዶሮ ልገዛ ስወጣ ገባሁ። የቀረ ዕቃ አልነበረም፤ መደርደሪያውን፣ ቅርጫቱን፣ የዋጋ መስቀያውን ሳይቀር ይሸጡ ነበር። ገንዘብ የምትቀበለው ሴት ወንበሯ ላይ የዋጋ ወረቀት ተለጥፎበት ቁማ ትሠራለች። አንድ ቀይ የፕላስቲክ ቅርጫት በ1 ፓውንድ ገዛሁ፤ ለምን እንደገዛሁት እስከ ዛሬ አላውቅም። ዛሬ ሽንኩርት አስቀምጥበታለሁ።

ከዚያ በኋላ ያለው ፈጣን ነው። የመጋቢቱን 4,500 ፓውንድ ጋሼ ከዕቁብ ወጥቶላቸው ከፈሉ። የሰኔውን ተበድረው ከፈሉ። ኪራዩን በየወሩ ልክፈል ብለው ለባለቤቱ ወኪል የጻፉትን ደብዳቤ ያረቀቅሁት እኔ ነኝ፤ ትልልቆቹ ቸርቻሪዎችም በዚያው ሰሞን ይህንኑ ይጠይቁ ስለነበር ተስፋ አድርጌ ነበር። መልሱ ሁለት መስመር ነው፤ ውሉ ይከበር የሚል። የውልዎርዝስ መስኮት ደግሞ አቧራ ለብሶ ቀረ። በሰሜን ምሥራቅ እንግሊዝ፣ ዊትሊ ቤይ በምትባል ከተማ፣ የተዘጉ ሱቆች መስኮት ላይ የተከፈተ ሱቅ የሚመስል ሥዕል እንደተለጠፈ ስነግራቸው ጋሼ፣ «እንጀራም ይሥሉ ይሆን?» አሉ። በሰፈራችን ያን ያህል የተጨነቀ አልነበረም።

ውሉ የሚፈርስበት አንቀጽ የሚፈቅደው በሴፕቴምበር 29 ስለነበር፣ መስቀልን አሳልፈን ቁልፍ አስረከብን። ወኪሉ ቁልፎቹን ቆጠረ፣ ግድግዳውን ፎቶ አነሣ፣ የምስማር ቀዳዳ ካለ ከመያዣው እንደሚቀነስ ተናገረ። ጋሼ ቀን መቁጠሪያውን አወረዱና ለእኔ ሰጡኝ፤ ዓመቱ ያለፈበት፣ የ2001 ነበር፤ የአዲሱን ዓመት አልሰቀሉም። ቤቴ ገብቼ ስገልጠው ከአራቱ ቀይ ክቦች ሌላ በእርሳስ በስሱ የተከበበ አንድ ቀን አገኘሁ፤ ኅዳር 12።

በዚያ ዓመት ኅዳር 12 ቀን ዝክሩን በመኖሪያ ቤታቸው፣ በሦስተኛ ፎቅ ዘከሩ። እንጀራውን ሌላ ሰፈር ድረስ ሄደን ከሌላ ሰው ሱቅ ገዛን፤ ጋሼም ዋጋውን ሲሰሙ፣ «በእኔ ጊዜ ይህን ያህል አልሸጥኩትም» ብለው ደረሰኙን ጠየቁኝ።