መብራት ሲሄድ ዋይፋዩ እንዳይሄድ

ደብረ ማርቆስ ክረምት ሲገባ፣ በጮቄ በኩል ሰማዩ ከጠቆረ ዝናቡ ሳይደርስ መብራቱ ይሄዳል። ላፕቶፔ የራሱ ባትሪ አለው፤ የመደበኛ ስልኩ መስመርም አይቋረጥም። ድርግም የምትለው ራውተሯ ብቻ ናት። አንድ ትልቅ ፋይል ሳወርድ 90 በመቶ ላይ ሲቋረጥብኝ ነው የመረረኝ።

ጥገና ቤት ሄጄ የሞተ የላፕቶፕ ባትሪ ጠየቅሁ። «ውሰደው ባክህ፣ ቦታ ነው የያዘብኝ» አለኝ ጠጋኙ። ውስጡ 6 ድንጋዮች በጥንድ በጥንድ ተያይዘው አሉ፤ 18650 ነው የሚባሉት፣ 18 ሚሊሜትር ውፍረት፣ 65 ሚሊሜትር ርዝመት ስላላቸው። ባትሪው ሞተ ማለት ስድስቱም ሞቱ ማለት አይደለም፤ አንዱ ጥንድ ሲደክም ሌሎቹን ይዞ ይወድቃል። ሽፋኑን የፈለቀቅሁት ግን በቢላ ነበር። ጫፉ ፖዘቲቭና ኔጌቲቩን አገናኝቶ እሳት ሲተፋ እናቴ ከጓዳ ብቅ ብላ «አንተ ልጅ፣ ቤቴን ልታነደው ነው?» አለች። እውነቷን ነው።

በቴስተር ስለካቸው ሁለቱ ከ2 ቮልት በታች ወርደዋል። እንዲህ የወረደ ሊቲየም ቢሞላም ውስጡ ተጎድቶ ሊሆን ስለሚችል አያስተማምንም፤ ጫፋቸውን በፕላስተር ሸፍኜ ለብቻ አስቀመጥኳቸው። አራቱን እስከ 4.2 ቮልት ሞልቼ ለሁለት ሳምንት አልነካኋቸውም። ቮልቱን ሳይጥል የቆየውን ነው ማመን የሚቻለው። አራቱም ቆዩልኝ፤ ጎን ለጎን በፓራሌል አያያዝኳቸው። ድንጋዩ ራሱ ላይ መበየድ በሙቀት ይጎዳዋል፣ ስለዚህ ከፋብሪካው የመጣችውን የኒኬል ቅጠል ሳልነቅል በእሷ ላይ በየድኩ።

የቀሩትን ዕቃዎች የአክስቴ ልጅ ከመርካቶ ገዝቶ በአውቶቡስ ሰደደልኝ፤ ዓባይ በረሃን ተሻግረው ደረሱ። አንዷ ቲፒ4056 የምትባል ቻርጅ ማድረጊያ፣ ሌላዋ ኤምቲ3608፣ የድንጋዩን 3.7 ቮልት ወደ 12 የምታሳድገው። ይቺ ሁለተኛዋ አመል አላት። ማስተካከያ ብሎኗን በትንሽ ካቻቢቴ አምስቴም ስድስቴም ባዞራት ቴስተሩ ላይ ንቅንቅ የለም። ተበላሽታ መጣች ብዬ ልጥላት ስል ዝም ብዬ ማዞሩን ቀጠልኩ፤ ከአሥር ዙር በላይ ሲሆን ቁጥሩ መንቀሳቀስ ጀመረ። 12 ላይ ሳላቆማት ከራውተሩ ጋር አገናኝቻት ቢሆን ኖሮ ዛሬ የማወራው ሌላ ነበር።

ሁሉንም ገጥሜ፣ ቻርጀሩን ሰክቼ፣ ራውተሯን ከባትሪው ጋር አያይዤ ኩራት ኩራት እያለኝ ተኛሁ። ጠዋት ስነሳ መብራት አለ፣ ዋይፋይ የለም! እንዲያ ያለ ጉድ አይቼ አላውቅም።

ቁጭ ብዬ ያኔ ነው ያሰላሁት። ራውተሯ 12 ቮልት በ0.5 አምፔር፣ ማለትም 6 ዋት ትበላለች። ይህ ከ3.7 ቮልት ድንጋይ ሲቀዳ፣ በመንገድ የሚባክነው ተጨምሮ 1.9 አምፔር ገደማ ነው። ቲፒ4056 የምትሰጠው ደግሞ ከ1 አምፔር አያልፍም። ሌሊቱን ሙሉ በአንድ ስኒ እየሞላሁ በሁለት ስኒ ስቀዳ ነበር ማለት ነው። ቮልቱን ስለካ ውዬ አምፔሩን ረሳሁት።

መፍትሔው ሁለት ሾትኪ ዳዮድ ሆነ፤ ኤሌክትሪክን ወደ አንድ አቅጣጫ ብቻ የሚያሳልፉ ትንንሽ ዕቃዎች ናቸው። አንዱ ከራውተሯ አዳፕተር፣ ሌላው ከባትሪው ይመጣሉ፤ ቮልቱ ከፍ ያለው እሱ ያበላል። ከአዳፕተሩ 12 ቮልት እንድታንስ ኤምቲ3608ን ወደ 11.3 አወረድኳት። መብራት ሲኖር አዳፕተሩ ይሸከማል፣ ባትሪው ተዘግቶ ይሞላል፤ ሲሄድ ባትሪው በቅጽበት ይረከባል። ሁሉንም አሮጌ የፕላስቲክ ምሳ ዕቃ ውስጥ ከትቼ ለሙቀቱ ጎኑን በሳሳሁት። ብረት ቆርቆሮ አልደፈርኩም፤ የቢላዋ ነገር አልወጣልኝም።

ትናንት ማታ ነጎድጓዱ ሲጀምር መብራቱ ሄደ። 3 ሰዓት ተኩል ያህል ያዘልኝ። እናቴ ኩራዝ ይዛ መጥታ ብልጭ ብልጭ የምትለውን ራውተር ስታይ ቆየችና «ለዚች ያደረግኸውን ለጓዳዬ አታደርግም?» አለችኝ። ጠጋኙ ጋ ሁለተኛ የሞተ ባትሪ አለ፤ ነገ እሄዳለሁ።